ጅቡቲ ላይ የተፈተነው አኩሪ አተር

ከዚህ ገጠመኝ በፊት በሕይወቴ ያበቀልኩት ነገር ቢኖር አንድ ጣሳ ቃሪያ ነው። እሱም ሆዳን በሚባለው የጅቡቲ ሠፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ጥቂት ቀን ከቆመ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። እንዲህ ያለች ሴት የአንድ ሰፊ እርሻ ዕጣ እጇ ላይ ወደቀ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ራሴ ያመንኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከምታነቡኝ መካከል ገበሬዎች ካላችሁ መሳቃችሁ አይቀርም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ሮማን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሠፈር ነው። አያቴ ከምድር ባቡር ሥራ ጋር መጥተው በዚያው ቀሩ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው እርሻ ያየነው በባቡር መስኮት ነው። ቡላኦስ ሠፈር ውስጥ ትራንዚተር ሆኜ እሠራለሁ። ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ዕቃ ወደብ ላይ ሲራገፍ ወረቀቱን አስጨርሼ መኪና ላይ የማስጭን ሰው ነኝ። ብረትም፣ ጎማም፣ የሕፃን ወተትም በእጄ አልፏል። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ብዙም አያሳስበኝም ነበር፤ ወረቀቱ ከተሟላ ለእኔ ሁሉም ኮንቴይነር ነው።

ጋሼ ታምራት ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ገና ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ከአዲስ አበባ ገንዘብ እየላከ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የዕድሜ እኩዮቹ ፀሐይ እየሞቁ ጋዜጣ ማንበብ ሲጀምሩ፣ እሱ ጡረተኛ መምህራንን ሰብስቦ ማኅበር መሠረተና ከጅማ ወዲያ ባለ ቆላ መሬት ወሰደ። አኩሪ አተር ሊያመርት። ጓደኞቹ አንድ ክረምት ትንኙንና ጭቃውን ካዩ በኋላ ወገቤን፣ ጉልበቴን እያሉ አንድ በአንድ ተመለሱ። ጋሼ ብቻ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከስኳር በሽታው ጋር ቀረ።

ሚስቱ እትዬ ወይንሸት የፒያሳ ልጅ ናት። እርሻውን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም፤ ረግጬም አላየውም ብላ ምላለች። "ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን ጎትቼ አስወጣት ነበር፤ አኩሪ አተርን ምን ላድርገው?" ትል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ጋር ብዙም አንዋደድም ነበር። ለእኔ ወንድሜን የምታደክም ጨቅጫቃ ነበረች፤ ለእሷ ደግሞ እኔ በስልክ "በርታ ጋሼ" እያልኩ ከቤቱ የማርቀው ነገር አባባሽ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ነገሩ ጫፍ ደረሰ። ወረዳው ለጋሼ በግልጽ አስጠነቀቀው፤ በዚህ ክረምት ጦሙን ያደረ መሬት ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ጋሼም ለእትዬ ቃል ገባላት። "ዘንድሮ ካልሆነልኝ ጥዬ እመጣለሁ" አላት። እሷ ይህችን ቃል ይዛ መጠበቅ ጀመረች። እሱ ደግሞ የመጨረሻውን ሙከራ ሊያደርግ ቶሎ የሚደርስ ምርጥ ዘር ከደቡብ አፍሪካ አዘዘ። ዘሩ ጅቡቲ ደረሰና እዚያው ቆመ።

የቆመበት ምክንያት የእኔ ዓይነት ሰው የዕለት እንጀራ ነው። የዘሩን ጤንነት የሚመሰክረው ወረቀት ዋናው ቅጂ ከላኪው ዘንድ ዘገየ፤ ያ ሳይመጣ ኮንቴይነሩ አይነቃነቅም። ወሩ ሰኔ ነበር። የጅቡቲን ሰኔ የማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን አለበት፣ ቢቆምስ?" ይል ይሆናል። ካምሲን የምንለው ደረቅ ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ የመኪና በር እጀታ በመሐረብ ነው የሚያዘው። ኮንቴይነሩ ያን ሁሉ ፀሐይ እየጠጣ ወደቡ ላይ ሰነበተ።

ጋሼ ማሳውን እያሳረሰ ስለነበር የማኅበሩን ውክልና አሲዞ እትዬን ላካት። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኳት። ከባቡሩ ወርዳ ሁለት እርምጃ እንደተራመደች ቆመች።

"ሮሚ፣ ሰው እዚህ የሚኖረው በፈቃዱ ነው?" አለችኝ።

"ይለመዳል እትዬ።"

"ሲኦልም ይለመድ ይሆናል" አለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች።

ቤት ስንደርስ አፏን ልትጉመጠመጥ ቧንቧ ከፈተችና መልሳ ተፋችው። ጨው ጨው ይላል አለች። እኔም አገር እንደማስጎበኝ ሰው አስረዳኋት። የቧንቧው ለዕቃና ለገላ ነው፤ ለመጠጥ፣ ለሻይና ለወጥ የታሸገ ውሃ አለ። ጅቡቲ ቤት ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው። እሷ ግን ፀጉሬንም በታሸገ ውሃ ካልታጠብኩ ብላ አስቸገረችኝ። ቅምጥል ናት አልኩ በሆዴ።

ወረቀቱ በመጨረሻ መጣ። የጉምሩኩ ሰው በጠዋት "ከሰዓት" አለን፤ ከሰዓት ጫት ገብቶ ከተማው ሲተኛ ደግሞ "ነገ፣ ኢንሻአላህ" አለን፤ በማግስቱ ፈረመ። ለፍተሻ የኮንቴይነሩ በር ሲከፈት ከውስጥ የወጣው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። ከረጢቶቹን ነክቼ እጄን መለስኩ። ከበሩ አጠገብም፣ ከመሐልም፣ ከታችም እፍኝ እፍኝ አውጥቼ በፌስታል ያዝኩና እዚያው ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ዘሩ ተለቀቀ። ነገ ይጫናል። መልኩ ደህና ነው፤ ብጫ ነው፣ አልተጨማደደም።"

"መልክ ምን ያደርጋል ሮሚ። የሞተ አኩሪ አተር በሕይወት ካለው በመልክ አይለይም።"

"ታዲያ በምን ይለያል?"

"በማብቀል። ስሚኝ፤ መኪናው እዚህ እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ከጅማ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ነው። ያ ጊዜ በከንቱ አይለፍ። አንቺ እዚያ ከመቶ ፍሬ ስንቱ እንደሚበቅል እይልኝ። እሱን ካወቅሁ በሄክታር ስንት ኪሎ እንደምዘራ አውቃለሁ።"

"እንደ ወትሮው ብትዘራውስ?"

አስተማሪ ጡረታ ይወጣል እንጂ ማስተማር አይተውም። በዚያ ፀሐይ አቁሞ አስተማረኝ።

"ዘሩ ደህና ከሆነ በሄክታር ሰባ ኪሎ ይበቃኛል። እኩሌታው ሞቶ ሰባ ብዘራ ማሳው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይሳሳል፤ ክፍተቱን አረም ይወርሰዋል። ፈርቼ እጥፍ ብዘራና ዘሩ ደህና ቢሆን ደግሞ ቡቃያው ተጨናንቆ ቁመት ብቻ ይሆናል፤ ነፋስ ሲነካው ይጋሽባል። ከሁሉ የሚብሰው፣ እጥፍ ከዘራሁ ዘሩ የሚያልቅብኝ ገና መሬቱ እንደተጋመሰ ነው። የቀረው ጦሙን ያድራል፤ ወረዳው የሚጠብቀው እሱን ነው።"

"ሌላ ዘር ብትገዛስ?"

"በዚህ ሰዓት? ከየት ይገኛል?" አለና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። "እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሪው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው። አይድረቅ፣ ግን አይንሳፈፍ። ሙቀት ይወዳል።"

ሙቀት ይወዳል ያለኝ ዝናብ በሚያካፋበት አገር በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነው።

ቤት ገብቼ ትልቁን ትሪ አወጣሁ፤ ፎጣ አነጠፍኩ፤ እትዬ ከፍሬው መቶ ቆጥራ ሰጠችኝና ደረደርኩ። ሌላ ፎጣ አለበስኩት። ሙቀት ይወዳል ተብሏልና በረንዳ ላይ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። አጠገቡ ማራሻ የሚሆን ውሃ በጆግ ሞልቼ አኖርኩ። በማግስቱ መኪናው ጭኖ ወደ ጋላፊ ድንበር ወጣ፤ እኔም ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። ካምሲኑ ፎጣውን ቶሎ ቶሎ ስለሚያደርቀው፣ እኔ በሌለሁበት እትዬ እንድታረጥበው አደራ አልኳት።

"የጣውንቴን ልጆች ላሳድግልሽ?" አለችኝ። ግን አደረገችው። ቢሮ ሆኜ ስደውልላት "አርሻለሁ፣ አርሻለሁ፣ ሥራሽን ሥሪ" ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ፍሬዎቹ አበጡ። ደስ አለኝ፤ ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ከአንዳንዱ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ የብዙዎቹ ልጣጭ ግን ጠቆረ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፎጣውን ስገልጠው ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝ። ያጎነቆሉት እዚህም እዚያም ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሲነኩ ይሟሽሻሉ። አንድም ፍሬ ቢሆን ላተርፍ እየነካካሁ ለቀምኩ፤ ሲሶ እንኳ አልሞላም። በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። ድምፄን ሲሰማ አወቀ።

"ስንት ነው?"

"ሲሶ አይሞላም ጋሼ።"

ከበስተኋላው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

"እንግዲህ ሦስት እጥፍ ልዘራ ነው" አለ። "ለመሬቱ ሲሶ ይበቃኛል። የቀረውን ወረዳው ይውሰደው። በሲሶ መሬት ማኅበር አይቆምም፤ አጭጄ ልመጣ ነው። ለወይኒ ንገሪያት፤ በቃኝ ብሏል በያት።"

"ጋሼ..."

"አይዞሽ። አንቺ ምን አደረግሽ? ኮንቴይነሩ ነው የቀቀለው።"

አይዞሽ የሚለኝ እሱ መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ። እትዬ ሳሎን ተቀምጣ ነበርና ነገርኳት። ትደሰታለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፈገግ ብትል የምናገራትን ቃል ሁሉ አፌ ላይ ደርድሬ ነበር። እሷ ግን "እሺ" ብላ ብቻ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ያን ቀን ቢሮ አልሄድኩም። ከሰዓት ሆነ፤ ሠፈሩ በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የበሰበሰውን ልደፋ ትሪውን ሳነሳ እትዬ ከኋላዬ መጣች።

"አትድፊው" አለችኝ።

"ይሸታል እኮ እትዬ።"

"አትድፊው አልኩሽ። ይሄን ፎጣ በምንድን ነው ያራስነው?"

"በውሃ ነዋ።"

"በየትኛው?"

ጣቷን የትሪው ጠርዝ ላይ አሳለፈችና አሳየችኝ፤ ነጭ ብናኝ ይዞ ወጣ። ፎጣው ዳር ዳሩም እንዲሁ ነጭ ክር ሠርቷል።

"ቅመሺው" አለችኝ።

ቀመስኩት። ጨው ነው። ነፋሱ ውሃውን እየወሰደ፣ እኛ ደግሞ ሌላ እየጨመርን፣ ለካ ቀን በቀን ጨው ስናጠጣው ኖረናል።

"እኔ ይሄን የቧንቧ ውሃ ለፀጉሬ እንኳ እምቢ አልኩሽ። ለእኔ ያልሆነ ለዘሩ ይሆናል?" አለች።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ዓይነት ውሃ ለይቼ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለእንግዳም አስረድቻለሁ። ግን ፎጣ ማራስ በእኔ ጭንቅላት ከዕቃና ከልብስ ጋር የሚመደብ ሥራ ነው። ዘር ጠጪ ነው ብሎ ማን አሰበ? ይህን ስህተት ሊሳሳት የሚችል የጅቡቲ ሰው ብቻ ነው። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

"እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ነው ያየሽው?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ትናንት ነው ያየሁት" አለች። "ሳርሰው ጠርዙ ላይ አየሁና ቀመስኩት።"

"ትናንት? ታዲያ ለምን..."

"ዝም ብል ይመጣልኝ ነበራ።" ወለሉን እያየች ነበር የምትናገረው። "ስኳሩ ከፍ ብሎ ብቻውን ሲወድቅ በሕልሜ አያለሁ ሮሚ። እዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ያነሳዋል? ስልኩ ባልሠራ ቁጥር ሞቷል ብዬ ነው የምቆጥረው። አንቺ በርታ ትይዋለሽ፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም። ትናንት ይሄን ሳይ፣ በቃ እግዚአብሔር አየልኝ፣ እኔ ምንም አላደረግኩ አልኩ። ዛሬ ግን በቃኝ ብሏል ስትይኝ... ታምራት በቃኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም።"

ለዓመታት ጨቅጫቃ የምላት ሴት እንቅልፍ አጥታ እንደምታድር አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። እሷ ቀድማ ተነሳችና "ስልክሽን አምጪ" አለችኝ።

ጋሼ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ተስፋውን ፈራው። መኪናው ጅማን አልፎ ነበር፤ ኪራይ ትራክተሩ ከነመዝሪያው ማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

"ሦስት ቀን" አለኝ። "ከዚያ በላይ የትራክተሩ ባለቤት አይጠብቀኝም። በሦስት ቀን ካላወቅሁ ሦስት እጥፉን እዘራለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም።"

ከፌስታሉ የተረፈው ፍሬ ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ትሪውን በታሸገ ውሃ አጥበን፣ አዲስ ፎጣ በታሸገ ውሃ ነክረን፣ ሌላ መቶ ደረደርን። በረንዳውንም ተውነው። የመኝታ ቤቴን ክሊማ፣ እናንተ ኤሲ የምትሉትን፣ ለዘብ አድርገን ትሪውን አልጋዬ ላይ አስተኛነው፤ እኔ ወለል ላይ ተኛሁ። ጎረቤቴ ሶማሌዋ ሴትዮ ቁርስ ላይ መጥታ አየችና "ማን ታሞ ነው?" አለችኝ። አኩሪ አተር ነው ብላት አታምነኝም ነበርና እንግዳ አለብኝ አልኳት።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ክሊማው ቆመ፤ ክፍሉ ወዲያው መጋል ጀመረ። እትዬ ትሪውን አንስታ ቤቱን ዞረችና መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ወለል የእሱ ሴራሚክ ነው። በሩን ዘግተን ትሪውን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። እሷ በካርቶን ታራግባለች፣ እኔ በታሸገ ውሃ ጣቴን እየነከርኩ ፎጣውን እረጫለሁ። ላባችን ይንጠባጠባል።

"ላብሽን ራቅ አድርጊው፣ እሱም ጨው ነው" አለችኝ።

ከእሷ ጋር ያን ያህል ስቄ አላውቅም። መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ጋሼ ወጣት ሳለ እንዴት እንደለመናት፣ አባቷ እንዴት እንዳባረሩት አጫወተችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ከእሷ አፍ ሰምቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ፎጣውን የገለጠችው እሷ ናት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

"ሮሚ" አለች። "ነይ እይ።"

ነጭ፣ ወፍራም፣ ጤነኛ ሥር። ጎን ለጎን፣ ረድፍ በረድፍ አጎንቁሏል። ሽታው የእርጥብ መሬት ሽታ ነው። እሷ ቆጠረች፤ እንደገናም ቆጠረች። ከመቶው ሰማንያው በቅሏል። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ለካ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ጋሼ ስልኩን ያነሳው ገና ሳይጠራ ነው።

"ሰማንያ" አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀው። ከዚያ አስተማሪው ተመለሰ። "ጥሩ ነው። እንደ አዲስ አይደለም፤ ኮንቴይነሩ ትንሽ ጎድቶታል። እንደ ወትሮው ብዘራው ይሳሳብኝ ነበር። በሄክታር አሥር ኪሎ ልጨምርበት፤ ለመጠባበቂያ ያዘዝኩት ትርፍ ይሸፍነዋል። መሬቱ በሙሉ ይዘራል።" ቃሉን እየደጋገመ አጣጣመው። "በሙሉ ይዘራል ሮሚ። ለመሆኑ ውሃውን ማን አስተዋለ?"

ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት።

"እኔ ነኝ" አለችው።

ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይሰማ ነበር። "አንቺ? አንቺ ነሽ ወይኒ? ዝም ብትይ እመጣልሽ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። ድምፅዋ ግን አልተሰበረም።

"ተሸንፈህ፣ በቃኝ ብለህ የምትመጣውን ታምራት ምን አደርገዋለሁ? ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው የሚመጣልኝ። ዝራና ና። ጠግበህ ና። ስኳርህን ደግሞ ጠዋት ማታ ለክተህ ካልደወልክልኝ ውርድ ከራሴ።"

እኔ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ባልና ሚስት ሲታረቁ አጠገብ አይቆምም።

ዘሩ ተዘራ። ቡቃያው ወጥቶ ረድፍ ሲይዝ ጋሼ በስልክ ቪዲዮ ላከልን፤ አልሳሳም፣ አልተጨናነቀም። የወረዳው ሰዎች መጥተው ከዳር እስከ ዳር ዞሩት፤ ጦሙን ያደረ ቦታ አላገኙም። መሬቱ በእጁ ቀረ። ምርቱ ዘፈን የሚዘፈንለት ባይሆንም ለቀጣዩ ዓመት የሚያሳድር ነበር። እሱም ቃሉን ጠብቆ በየቀኑ ስኳሩን እየለካ ይደውላል፤ እንዳይረሳ የምታስታውሰው ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ስለ አኩሪ አተር ያወቅሁት ያንኑ የነገርኳችሁን ያህል ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮንቴይነር ሲከፈት ውስጡ ያለው የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ አርጅታለች ይሉኛል። ከዚያም በላይ፣ ሰው ጨቀጨቀ ብዬ ከመፍረዴ በፊት ምን ፈርቶ ነው እላለሁ። እኔ ወንድሜን የምወደው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚጎዳትን እውነት አውጥታ ስትናገር ባላያት ኖሮ ዛሬም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ከእናንተም መካከል የወንድሙን ሚስት፣ የእህቱን ባል እንዲሁ ሳያውቀው የፈረደበት ቢኖር፣ አንድ ከሰዓት አብሮት ይቀመጥ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

በቀደም ስልክ ደወለችልኝ። ጊዜው የዘር ጊዜ ስለሆነ ጋሼ እርሻ ላይ፣ እሷ ፒያሳ ያለች መስላኝ "እንዴት ነሽ እትዬ፣ ብቻሽን አልከበደሽም?" አልኳት። ከኋላዋ ትራክተር ያጓራል።

"ምን ብቻዬን ሆንኩ፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ነው" አለችኝ። "ይሄ ወንድምሽ በሄክታር ሰባ እንዝራ ይላል። እኔ ዘሩን አብቅዬ ቆጥሬዋለሁ፤ ሰባ አምስት ካልሆነ መዝሪያው አይነሳም ብዬዋለሁ። ንገሪው እስቲ።"